ሜዳሊያሽን ቤት ትተሽ ነይ፦ የፈራን አዋቂ ዋና ስለማስተማር

ይህ ጽሑፍ ለአንድ ዓይነት ሰው ነው። ድሮ በዋና ትወዳደሪ ነበር፤ ካቆምሽ ቆይተሻል። አሁን አንድ ሆቴል ወይም ጂም ደውሎ «ጀማሪዎችን የምታሠለጥንልን ሴት እንፈልጋለን» ብሎሻል። እንጀራ ነው፣ ደስ ይላል። «ውሃ ውስጥ አድጌ ይሄ ምን ያቅተኛል?» ሳትዪም አልቀረሽ። ወንድ ከሆንክም ምክሩ ያው ነው፤ «አንቺ» እያልኩ ስለምቀጥል ቻለው።

የኛ የድሮ ዋናተኞች ችግር ውሃ መፍራት ምን እንደሆነ አለማወቃችን ነው። ልጅ ሆነን ስለገባን አናስታውሰውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ላይ ስለ ክንድ ማውራት እንጀምራለን። ክንድሽ እንዲህ ይግባ፣ ክርንሽ ከፍ ይበል እንላለን። የመወጣጫውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ የቆመች የሃምሳ ዓመት ሴት ግን ይህን የምትሰማበት ጆሮ የላትም። ጣቶቿን እዪያቸው፤ ደም የላቸውም። እሷ የምታስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ እዚህ ልሞት ነው እያለች ነው።

ከእሷ ጀምሪ።

ውሃው ሳይነካት በፊት

መጀመሪያ ወንበር ላይ አስቀምጠሽ አናግሪያት። በዕድሜ ከበለጠችሽ «እርስዎ» በያት፤ ዋና ልብስ ለብሳ ፊትሽ የቆመች ሴት አክብሮት ይበልጥ ያስፈልጋታል። ለምን እንደመጣች ጠይቂ። አንዷ ልጆቿ ትምህርት ቤት ዋና ተምረው እሷ ዳር መቅረት ሰልችቷታል። ሌላው ጉልበቱን ወይም ወገቡን አሞት ሐኪም ልኮት ነው። የምትሞሸር ልጇ ጋ ባሕር ማዶ የምትሄድም አለች።

ከዚያ ቀስ ብለሽ «ውሃ የወሰደው ዘመድ አለ?» በዪ። ብዙ ጊዜ አለ። ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ወንድም፣ የጎረቤት ልጅ፣ የክፍል ጓደኛ ቀርቶበታል። ይህን ሳታውቂ ፊቷን ውሃ ውስጥ እንድትነክር ካዘዝሻት፣ ምን እያዘዝሻት እንደሆነ አታውቂም። ከነገረችሽ በኋላ ምክር አታብዢ። «እሺ፣ ቀስ እንላለን» ማለት ይበቃል።

ጤናም ጠይቂ፦ አስም፣ ልብ፣ ደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ። የመጨረሻውን ሰዎች ይደብቁታል፣ ስለዚህ ለብቻ ወስደሽ ጠይቂ። ጾም ላይ ነሽ ወይ ማለትም አትርሺ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የማይቀምስ ሰው ከሰዓት በኋላ ውሃ ውስጥ ሊዞርበት ይችላል። ረመዳን የያዘም እንደዚያው። እነሱን ጠዋት ያዢያቸው፤ ሰዓቱንም አሳጥሪ።

ስለ ልብስ አታፊዢ። ሰውነቷን መሸፈን የምትፈልግ ሴት ከጥጥ ቲሸርት ይልቅ ጥብቅ ያለ፣ ለዋና የተሠራ ረጅም እጅጌ እና ታይት ትልበስ። ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ክንዷን ይጎትታል። አንዳንድ ገንዳዎች ግን የራሳቸው የልብስ ሕግ አላቸው። ቀድመሽ አጣሪ። በር ላይ «በዚህ አይገባም» የተባለች ሴት ተመልሳ አትመጣም።

ፀጉር ደግሞ የራሱ ምዕራፍ አለው። «ፀጉሬ ይበላሻል» ያለችሽ ሴት ሰበብ እየፈለገች አይደለም፤ ሹሩባ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ እናውቃለን። ኮፍያ ፀጉርን ደረቅ አያደርግም፣ ይህን አስቀድመሽ ንገሪያት። ከመግባቷ በፊት ፀጉሯን በንጹሕ ውሃ ታርጥበው፤ የጠገበ ፀጉር ክሎሪኑን ብዙ አይጠጣም። ትንሽ ኮንዲሽነር ትቀባና ሰፋ ያለ የሲሊኮን ኮፍያ ታጥልቅ።

አንዳንዷ ደግሞ «ምች ይመታኛል» ትላለች። እኔ በዚህ አልከራከርም። እርጥብ ልብስ ቶሎ ትቀይር፣ ፎጣ ትጠምጠም፣ ሻይ ትጠጣ። ዳማከሴውን እሷ ታምጣ።

ገንዳው

እኛ የለመድነው የውድድር ገንዳ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው። ለሚዋኝ ሰው ጥሩ ነው፤ ወገቡ ድረስ ገብቶ ለቆመ ጀማሪ ግን ብርድ ነው። የሚንቀጠቀጥ ሰው አይማርም። 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ብታገኚ ተመስገን በዪ። አዲስ አበባ ላይ እንደ ሂልተን ያለ በፍል ውሃ የሚሞቅ ገንዳ አለ፤ ከአዳማ አልፎም ሶደሬ አለ። ማሞቂያ የሌለው ገንዳ ከሰጡሽ ትምህርቱን ፀሐይ ወደ በረታበት ሰዓት ውሰጂው። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ከሰማሽ ሁሉንም አውጪ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ማንም አይግባ፤ «ከፍለናል» ቢሉሽም።

ከፍታውንም ንገሪያቸው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ጀማሪ ሁለት ጊዜ ረግጦ ሲያለከልክ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይደመድማል። አየሩ እንደሆነ ሲያውቅ ፊቱ ይፈታል።

ትንፋሽ፣ ትንፋሽ፣ ትንፋሽ

ብዙ ጊዜ ስጪው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የፈራ ሰው አየር ስቦ ይይዛል። ፊቱን ይነክራል፣ ጉንጩን ነፍቶ ይቆያል፣ ከዚያ በድንጋጤ ብድግ ይላል። «አየር አጠረኝ» ይልሻል። አየር ግን አላጠረውም፤ ያላወጣው የተቃጠለ አየር ነው እያስጨነቀው ያለው። ደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም አእምሮ «ተንፍስ!» ብሎ ይጮኻል። መፍትሔው ውሃ ውስጥ ሆኖ ማውጣት ነው። ይህን በቃል መቶ ጊዜ ብትዪ ሰውነት አይሰማም፤ መለማመድ አለበት።

እኔ የቤት ሥራ የምሰጠው በሳፋ ነው። ቤቷ ሳፋ ላይ ለብ ያለ ውሃ ታድርግ። መጀመሪያ አፏን ብቻ ትንከርና አረፋ ታውጣ። ከዚያ አፍንጫዋን ጨምራ «እምምም» እያለች ታንጎራጉር። ስታንጎራጉር አየር በአፍንጫ ስለሚወጣ ውሃ አይገባም። ልጆቿ ይስቁባታል፤ ይሳቁ። ሳፋ ላይ ለምዳ የመጣች ሴት ገንዳ ውስጥ በግልጽ ትለያለች።

ገንዳው ውስጥ እጇን አትያዢ፤ አንድ ጣትሽን ስጪያት። ትጨብጠዋለች፣ አንዳንዴም ያማል። ፊት ለፊቷ ቁሚ፤ ውሃው ከደረቷ አይበልጥ። የዋና መነጽር አድርጋ እያንጎራጎረች ትግባ፤ አንቺ ደግሞ ውሃው ውስጥ በሌላው እጅሽ ጣቶች አሳዪያት። ስትወጣ «ስንት ነበር?» በያት። ለመቁጠር ዓይኗን መግለጥ አለባት፤ ስትቆጥር ደግሞ መፍራቱን ለአፍታ ትረሳዋለች። ጣትሽ ላይ ያለው ጭብጧ ሲላላ ይሰማሻል። እስኪላላ ድረስ ወደ ሌላ ነገር አትለፊ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ በዚህ ቢያልቅም ይለቅ።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አትፍቀጂ፦ ትንፋሽ የመያዝ ውድድር። ወጣቶች ሲሰባሰቡ ይጀምራሉ። ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ አየር ስቦ መጥለቅ ደግሞ ከሁሉ የባሰው ነው። ቅድም ያልኩትን «ተንፍስ!» የሚለውን ጩኸት ያጠፋዋል፣ ሰውዬውም ሳይታወቀው ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል።

መቆም ከመንሳፈፍ ይቀድማል

ይሄ ለተወዳዳሪ አይታየውም። ሰው የማይንሳፈፈው ብዙ ጊዜ ተመልሶ መቆም ስለማይችል ነው። ሰውነቱ መውጫውን ካላወቀ አይለቅም። ስለዚህ መጀመሪያ መቆምን አስተምሪ፦ ጉልበት ወደ ደረት፣ እጅ ውሃውን ወደ ታች ይጫን፣ እግር ወለል ይንካ፣ ራስ በመጨረሻ ቀና ይበል። አብዛኛው ሰው ራሱን መጀመሪያ ያነሳል፣ እግሩ ወደ ላይ ይሄድበታል፣ ውሃ ይጠጣል። ቅደም ተከተሉን እየደጋገመ ይልመደው።

ከዚያ በጀርባ መንሳፈፍ። ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ዓይኗ ሰማይ ይይ፣ ደረቷ በአየር ይሞላ። መዳፍሽን ከራሷ ሥር አድርጊ። እግሯ ቢሰምጥ አትደንግጥ፤ ቀጭን እና ጡንቸኛ ሰው ላይ እግር ይሰምጣል። ሳንባ ያለው ደረት ላይ ነው፣ ክብደቱ ደግሞ ዳሌና እግር ላይ። እጇን ከራሷ በላይ ብትዘረጋ ይስተካከላል።

እጅሽን ስታነሺ ግን ንገሪያት። ብስክሌት እንደሚያለማምድ አባት በስውር መልቀቅ የሚወዱ አሠልጣኞች አሉ። «አየሽ፣ ብቻሽን ነበርሽ!» ይላሉ እየሳቁ። እኔ ይህን አልወደውም። ያቺ ሴት ያወቀችው መንሳፈፍ እንደምትችል ሳይሆን አንቺ እንደምታታልያት ነው። «አሁን አንድ ጣት ነው የቀረው። አሁን እሱንም አነሳለሁ።» እንዲህ በያት።

እግር እና ክንድ

እግር ከዳሌ ይመታል፣ ጉልበት ላላ፣ ቁርጭምጭሚት እንደ ጨርቅ። የኛ አገር ልዩ ጣጣ ሯጭ ነው። በየቀኑ አስፋልት የሚሮጥ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ደንድኗል፣ በሆዱ ሲተኛ የእግሩ ጣት ወደ ገንዳው ወለል ያያል። ተንሳፋፊ ሰሌዳ አስይዘሽ «ርገጥ» ስትዪው ባለበት ይቆማል፤ አንዳንዱ ወደ ኋላ ይሄዳል። አትሳቂ፣ ከባድ ነው ግን አትሳቂ። ቤቱ ተረከዙ ላይ ተንበርክኮ እየተቀመጠ የእግሩን ላይኛ ክፍል ያፍታታ፤ በጀርባው ሆኖም ይርገጥ።

ለአዋቂ የመጀመሪያው ቀዘፋ የጀርባ ቢሆን እመርጣለሁ። ፊት ውጭ ነው፣ ትንፋሽ ነፃ ነው። ነፃ ቀዘፋ ላይ ስትደርሺ የሚያስቸግርሽ ክንዱ ሳይሆን ለትንፋሽ ራስ ማንሳቱ ነው፤ ራስ ሲነሳ ዳሌ ይወርዳል። «አንዱ የመነጽር ዓይን ውሃ ውስጥ ይቅር» በዪ። ስለ ክንድ የቀረውን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ስለ ድሮሽ ሲጠይቁሽ

ይጠይቁሻል። አንቺ ባትናገሪም ሰውነትሽ ይናገራል። አንድ ማታ ትምህርት ጨርሰን፣ ተማሪዎቼ ልብስ ቀይረው ሻይ እየጠጡ፣ ብቻዬን ጥቂት ልዋኝ ገባሁ። ግድግዳው ጋ ስደርስ እንደ ተወዳዳሪ ውሃ ውስጥ ተገልብጬ ዞርኩ። አስቤው አይደለም፤ የዚያን ያህል ዓመት የተደገመ ነገር ፈቃድ አይጠይቅም። ስወጣ ሁሉም ዝም ብለዋል። አንዷ ስኒዋን ይዛ «ኮች፣ አንቺ ግን ማን ነሽ?» አለችኝ።

«እዋኝ ነበር» አልኳት። «አሁን አስተምራለሁ። ማክሰኞ እንዳትቀሪ።»

መልሱ ይኸው ነው፣ ውሰጂው። እውነት ነው፣ አጭር ነው፣ ወደ ሥራው ይመልሳል። አትዋሺ፤ «ኧረ እኔ ምንም አላውቅም» ማለትም ውሸት ነው፣ ያላገኘሽውን ሜዳሊያ ማውራትም ውሸት ነው። ተማሪ የመጠየቅ መብት ያለው ነገር ግን አለ። ሰው ማውጣት ትችያለሽ ወይ? የመጀመሪያ እርዳታ ተምረሻል ወይ? የት አሠልጥነሻል፣ ማን ይመሰክርልሻል? ልጁን የሚሰጥሽ ወላጅ ይህን ሁሉ ይጠይቅ፤ አንቺም ወረቀትሽን አሳዪ፣ የምታውቂውን ሰው ስልክ ስጪ። እዚህ ላይ «የግሌ ነው» አይሠራም። የግልሽ የሆነው ውድድር በስንት ደቂቃ እንደጨረስሽ፣ ማንን እንዳሸነፍሽ፣ ለምን እንዳቆምሽ ነው።

ይህን ለምን ለራሴ እይዛለሁ? አንደኛ፣ ድሮዬን ካወራሁ ትምህርቱ የኔ ይሆናል። አሥር ሜትር መንሳፈፏ ላይ ልትኮራ የመጣች ሴት ከኔ ጋር ራሷን ማነጻጸር ትጀምራለች። ሁለተኛ፣ የዋና ሰፈር ጠባብ ናት፣ ኢንተርኔት ደግሞ አይምርም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ የኛው ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሴኮንድ ዋኘ። ወርቁን የወሰደው አውስትራሊያዊው ካይል ቻልመርስ በ47.58 ሴኮንድ ነበር የገባው። በሰዓቱ መበለጥ ስፖርት ነው። በሰውነቱ ላይ የተሳለቀውን ዓለም ግን ሁላችንም አየን፣ የኛም ሰው ጭምር። ያንን ያየ ዋናተኛ ስሙን ፍለጋ ላይ ማስገባት ለሚችል ለማንም ሰው ታሪኩን አይዘረግፍም። ሦስተኛው ምክንያት የራሴ ነው፣ እዚህም አልጽፈውም።

ከዚህ የሚወጡ ትንንሽ ሥራዎች አሉ። ሰዓት መያዣሽን ቤት ተዪው፤ ጀማሪ ላይ ሴኮንድ አይቆጠርም። ስታሳዪ ቀስ ብለሽ፣ ቆራርጠሽ አሳዪ፤ ያማረ ዋና ያስጨንቃቸዋል እንጂ አያስተምራቸውም። «እስቲ የቢራቢሮ ቀዘፋ አሳዪን» ሲሉሽ ትከሻሽ የሚያምሽ ከሆነ እምቢ በዪ። ያደረ የትከሻ ሕመም በጭብጨባ አይድንም።

ስልክ ገንዳ ዳር አይነሳ። ይህን የመጀመሪያው ቀን ላይ ተናገሪ። ሂጃቧን አውልቃ ኮፍያ ያጠለቀች ሴት ከኋላ ቲክቶክ ላይ መውጣት የለባትም፤ አንቺም እንደዚያው። የተማሪን አዋዋኝ መቅረጽ ካስፈለገ በራሷ ስልክ፣ እሷን ብቻ ቅረጪ።

«ልጄን ለኦሎምፒክ አድርሺልኝ» የሚል አባት አይቀርም። ልጁ ገና ፊቱን አልነከረም። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይንሳፈፍ» በዪ። ልጁ በእውነት ፈጣን ሆኖ ከተገኘ ወደ ክለብ ላኪው። እኔ እልካለሁ፣ አብሬ ግን አልሄድም።

ወደ ጥልቁ

ወደ ጥልቁ ከመውሰድሽ በፊት አራት ነገር ያለ እርዳታ ትሥራ፦ ከፊት ወደ ጀርባ ትገልበጥ፣ በጀርባዋ አንድ ሁለት ደቂቃ ትንሳፈፍ፣ እግሯ ወለል ሳይነካ በቦታዋ ትቆይ፣ ዞራ ግድግዳውን ትያዝ። 25 ሜትር መዋኘት ብቻውን ፈተና አይደለም። 25 ሜትር ዋኝተው መሐል ላይ ማረፍ የማይችሉ ብዙ አሉ።

የሚሰምጥ ሰው እንደ ፊልም አይጮኽም። አፉ ውሃው ልክ ላይ ነው፣ ራሱ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ እጁ ወደ ጎን ተዘርግቶ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል፣ ዝም ነው። ለክፍሉ ሁሉ ይህን አሳዪ። ለማውጣት ዘንግ፣ ሰሌዳ፣ ፎጣ፣ ነጠላም ቢሆን ይዘርጉ ወይም ይወርውሩ፤ ያልሠለጠነ ሰው አይዝለል፣ ሁለት ይሆናሉ። አንቺ ደግሞ የመጀመሪያ እርዳታሽን አድሺ፤ ቀይ መስቀል ሥልጠናውን ይሰጣል። ሰምጦ ትንፋሹ ለቆመ ሰው ደረት መጫን ብቻ አይበቃም፣ ትንፋሽ መስጠትም አለ።

ተማሪሽ ዋና በቻለች ማግስት ሐይቅ ልትሄድ ነው፤ እወቂው። ስለዚህ ቀድመሽ ንገሪያት። የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ናቸው፤ ከዳር ትንሽ ራቅ ሲሉ ወለሉ ይጠፋል። ላንጋኖ ላይ ውሃው ደፍርሶ የራስ እግር አይታይም፣ ከሰዓት ደግሞ ንፋሱ ማዕበል ያነሳል፤ ጠዋት ትግባ፣ ከዳር ጋር ትይዩ ትዋኝ፣ ሁልጊዜ መቆም በምትችልበት ልክ። ጣና ላይ ቢልሃርዝያ፣ ከውሃው በቆዳ የሚገባ ጥገኛ ትል፣ አለ። ሐዋሳ ጉማሬ አለ። ጫሞ አዞ አለ፣ እዚያስ ጀልባ ላይ ሆና ትይ።

ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ትጠይቅ፣ ዋና ብትችልም። «ችግር የለም እህቴ፣ ቅርብ ነው» ቢሏትም ሳይሰጧት አትሳፈር። ለብሳውም መታጠቂያውን ጎትታ ትሞክረው፤ ትከሻዋን አልፎ ጆሮዋ ጋ ከደረሰ ሰፍቷታል፣ በሌላ ይቀየርላት።